መለኪያ

ልብስ ሰፊው ችሎት ፊት ሲቆም ሁለት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ያዘ። ለዳኛው አክብሮት መስሎኝ ነበር። ስሙን ተጠይቆ እጁን ሲለቅ ግን ጣቶቹ ይንቀጠቀጣሉ፤ የጨበጠው የጋቢ ጫፍም አብሮ ይንቀጠቀጣል። በር ላይ የቆመው ፖሊስ ለባልደረባው ጠጋ ብሎ "ፈርቶ ነው" አለው። ፈርቶ አልነበረም። ከተያዘ ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ ሁለት ቀን ሙሉ አረቄ አልቀመሰም።

ክሱ እምነት ማጉደል ነው። ሦስት ሴቶች ለጥምቀት ቀሚስ ስፋልን ብለው የሰጡትን ጨርቅ ሸጦታል። አልካደም። "በልቼዋለሁ" አለ። በአገራችን የጠፋ ገንዘብ ሁሉ ተበላ ነው የሚባለው፤ ጸሐፊውም እንደዚያው መዘገበ። ጠጥቶት እንደሆነ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ሲንጀር የስፌት መኪናው ላይ ሲቀመጥ መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ለማስገባት ጠዋት አንድ መለኪያ፣ ኋላ ኋላም ሦስት መለኪያ ያስፈልገው እንደነበር የነገረኝ ወንድሙ ነው፤ ያውም ከችሎት ውጪ፣ ግቢው ውስጥ ባሕር ዛፍ ሥር ቆመን።

*

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ለሰው መብት የተቀመጠ ሰዓት ነው፤ ጥሩ ሰዓት ነው። በየቀኑ ሲጠጣ ለኖረ ሰው ግን እነዚያው ሰዓታት የሞት ሽረት ሰዓታት ናቸው። መጠጡ በድንገት ሲቋረጥ በመጀመሪያው ቀን ላብ፣ መንቀጥቀጥና እንቅልፍ ማጣት ይመጣል። ከ6ኛው እስከ 48ኛው ሰዓት ባለው ጊዜ ሰውነቱን አንዘፍዝፎ ሊጥለው ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ የሌለ ነገር ማየት፣ ሰው አለመለየት፣ ኃይለኛ ትኩሳት ሊከተል ይችላል፤ ይኼኛው ሳይታከም ከቀረ ሊገድል ይችላል።

ሕክምናው ባሕር ማዶ ያለ ነገር አይደለም። ዳያዜፓም፣ ቫይታሚን ቢ1፣ በቂ ፈሳሽ፣ ጸጥ ያለ ክፍልና የሚከታተል ነርስ ነው። ልብስ ሰፊውን በሦስተኛው ሌሊት እስር ክፍል ውስጥ ሲጥለው ግን አብረውት የነበሩት ክብሪት ጭረው አሸተቱት። ያላቸው እሱ ብቻ ነበር፤ ከልባቸው አዝነው ነው ያደረጉት። ነፍሱን ያተረፈው ወንድሙ ጠዋት ስንቅ ይዞ በመድረሱ፣ ተረኛውም ፖሊስ በወንድሙ ልመና ወደ ሆስፒታል ስለላከው ነው።

"ይታሰርና ይልቀቀው" የሚለውን አባባል ከዚያ ወዲህ ስሰማ ያ ክብሪት ትዝ ይለኛል። ደብረ ታቦር ከተማ ውስጥም ሆነ ገጠር ወጥታችሁ ስለ አንድ ጠጪ ብታማክሩ ብዙው ሰው ይህንኑ ይላችኋል። እናቶች ሳይቀሩ ይሉታል። ልጄን እሰሩልኝ ብላ ፖሊስ ጣቢያ የምትመጣ እናት ክፋት ኖሯት አይደለም፤ ሌላ የምትሄድበት በር ስላላገኘች ነው።

*

በ1949 ዓ.ም. የወጣውን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያረቀቁልን ስዊዘርላንዳዊው ፕሮፌሰር ዣን ግራቨን ነበሩ። እሱን የተካው የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከቀድሞው ብዙ ነገር አሻሽሏል፤ አንቀጽ 51 ግን ሐሳቡ እንዳለ ቀጥሏል። ተከሳሹ የአእምሮ መታወክ ወይም የሚጥል በሽታ ምልክት የታየበት እንደሆነ፣ ወይም በአልኮል ወይም በሌላ አደንዛዥ ነገር ሥር በሰደደ ሁኔታ የተመረዘ እንደሆነ፣ ፍርድ ቤቱ የባለሙያ አስተያየት እንዲቀበል ያዛል።

ይህን አንቀጽ ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። ዓላማው ተከሳሹ ለሠራው ሥራ ምን ያህል ኃላፊ ነው የሚለውን ለመመዘን ነው፤ ሕክምና የማዘዝ አንቀጽ አይደለም። ሆኖም በዚያ በኩል ሐኪም ወደ ችሎት ይገባል። ሐኪም አንዴ ከገባ፣ ወረቀቱ ላይ "ይህ ሰው ሱሰኛ ነው፣ በዚህ ዓይነት ሊታከም ይችላል" የሚል መስመር ለመጻፍ የሚከለክለው የለም። ያ መስመር የቅጣት ውሳኔው ላይ ሲደርስ ደግሞ ዳኛው እጅ ላይ ሌላ መሣሪያ አለ፤ ገደብ። ቅጣቱን ከ2 እስከ 5 ዓመት አግዶ፣ ከመጠጥ መራቅን የመሰለ የጠባይ ግዴታ አክሎ ማሰናበት ይችላል። የ2003ቱ የወንጀል ፍትሕ ፖሊሲም ከክስና ከእስር ውጪ ያሉ መፍትሔዎችን አምኖ ተቀብሏል።

ስለዚህ ከእስር ይልቅ ሕክምና የሚለው ሐሳብ ከውጭ የሚመጣ አዲስ ዕቃ ነው የሚሉኝን አልቀበልም። ግማሹ ስልሳና ሰባ ዓመት ሙሉ መጽሐፋችን ውስጥ ተኝቷል። እኔ በተከታተልኳቸው ችሎቶች አንቀጽ 51 ለሱሰኛ ሲጠቀስ አንድም ቀን አልሰማሁም።

*

አሜሪካኖች የአደንዛዥ ዕፅ ችሎት የሚሉት፣ ተከሳሹን ከእስር ይልቅ ወደ ሕክምና የሚልከው፣ በ1989 እ.ኤ.አ. ማያሚ ላይ የተጀመረው፣ በዋናነት የተከለከለ ዕፅ ይዘው ለተገኙ ሰዎች የታሰበ ነው። የእኛም ሕግ በአንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅ ማምረትን፣ ማዘዋወርንና መጠቀምን ይቀጣል። ደቡብ ጎንደር ውስጥ ግን ሰው ቤቱን የሚፈታው፣ የወንድሙን በግ የሚሸጠው፣ የሰው ጨርቅ የሚበላው በተከለከለ ነገር አይደለም። በአረቄና በጫት ነው። ሁለቱም ሕጋዊ ናቸው፤ በአደባባይ ይሸጣሉ።

የማያሚን ችሎት እንዳለ ቀድተን ብናመጣው ደጃፉ ላይ የሚሰለፍ ሰው እናጣለን። እዚህ ሱሰኛው መፈለግ ያለበት በስርቆት መዝገብ፣ በእምነት ማጉደል መዝገብ፣ በዕዳ መዝገብ ውስጥ ነው። ክሱ ላይ የሱሱ ስም የለም።

*

በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል፤ ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው እንዳይሸጥም ከልክሏል። የቢራ ፋብሪካዎች ድምፅ ከቤታችን ወጣ፤ እሰየው። አረቄ ግን ድሮም ማስታወቂያ አልነበረውም። የሚታወቀው በር ላይ በተሰቀለ ጣሳ ነው።

ተራው አረቄ ከመቶ ከ30 እጅ በላይ፣ ዳግሙ ከ40 እጅ በላይ አልኮል ነው። ቢራ ከመቶ 5 እጅ ቢሆን ነው። ዋጋውን አስተያዩትና ድሀው የትኛውን እንደሚመርጥ ንገሩኝ።

*

የጫት ቋንቋችን ሀብታም ነው። ከመቃም በፊት ሐራራ አለ፣ ሲያዝ ምርቃና አለ፣ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ አለ፣ ላልቃመ ሰው ሌሊት የሚመጣ ዱካክ አለ፣ ለወደቀው ቅጠል ገረባ የሚል ስም አለ፣ ለወደቀው ሰው ጀዝባ አለ። ጨብሲ የምትለዋን ልብ በሉ፤ ጫትና አረቄ አንድ ሰው ውስጥ የሚገናኙት እሷ ላይ ነው። ቀን ጫት ቤት የዋለው ማታ ለእንቅልፍ ብሎ አረቄ ቤት ይገባል፤ ከዓመት በኋላ ጫቱን ትቶ አረቄው ብቻ ይቀረዋል።

ለሚተው ሰው ግን ምን ስም አለን? ሐኪሞች "ያገገመ" ይላሉ። መንደር ውስጥ የሚባለው "እርም አለ" ነው። እርም ትልቅ ቃል ነው። ታቦት ፊት፣ የንስሐ አባት ፊት፣ የሞተ አባት መቃብር ላይ የሚባል ነው። በእርም ሃያ ዓመት የቆዩ ሰዎች አውቃለሁ፤ አንድም ክኒን አልዋጡም፤ ኃይሉን አልክድም።

ችግሩ እርም ሲሰበር ነው። ሐኪሙ ከሱስ የሚወጣ ሰው አንዴም ሁለቴም ሊመለስበት እንደሚችል ይጠብቃል፤ ሲመለስበት ሕክምናውን ያስተካክላል። እርም የሰበረ ሰው ግን እንደ ቃለ አባይ ይቆጠራል፤ ይደበቃል። ከሚስቱ ይደበቃል፣ ከቤተ ክርስቲያን ይርቃል፣ ቀጠሮው ላይ አይመጣም። በገደብ የተለቀቀ ሰው ሲሆን ደግሞ ከዳኛውም ይደበቃል፤ ያኔ ሕጉ ጠፍቷል ብሎ ያሳድደዋል። አንዲት ሌሊት የጠጣት አረቄ በሦስት ወገን ወንጀል ትሆንበታለች።

ይህን ነገር ላንድ አረጋዊ ቄስ አወጋኋቸው። "ልጄ፣ ንስሐ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያለህ ማነው?" አሉኝ። ቀኖና ሲሰጡ ሰውየውን አይተው፣ አቅሙን መዝነው እንደሚሰጡ፣ የወደቀው ሲመለስ እንደገና እንደሚሰጡ ነገሩኝ። ለሱስ ሕክምና ፕሮግራም የሚያወጡ ሰዎች ከእኚህ አባት ጋር አንድ ከሰዓት ቢቀመጡ እመኛለሁ።

*

አንድ ሕክምና ሠርቷል አልሠራም ለማለት መቼ እንደሚለካ ማወቅ ግድ ነው። በእኛ አገር ይኼ ነገር ከሌላው ይበልጥ ከባድ ነው፤ ምክንያቱ የቀን መቁጠሪያችን ነው።

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በእነዚህ ቀናት አረቄ ቤቱ ጭር ይላል፤ ብዙ ጠጪ መለኪያውን ያስቀምጣል፤ ሚስቶች ያርፋሉ። በመጋቢት ወር መጥቶ "ሕክምና ከወሰዱት ውስጥ ስንቱ አልጠጣም?" ብሎ የሚጠይቅ አጥኚ ደስ የሚል ቁጥር ይዞ ይመለሳል። ሕክምና ያልወሰዱትንም ቢጠይቅ ደስ የሚል ቁጥር ነው የሚያገኘው። የፋሲካ ማግስት ቢመጣ ሌላ ዓለም ይገጥመዋል። ጥር ላይ ቢመጣ ደግሞ እህሉ ጎተራ ገብቷል፣ የፎገራ ሩዝ ተሽጧል፣ ሠርግና ጥምቀት ተደራርቧል፣ የሁሉም እጅ ላይ ገንዘብ አለ። ክረምት ላይ ቢመጣ ገንዘብ የለም፤ የማይጠጣው ስለታከመ ነው ወይስ ስለተቸገረ? ነሐሴ 13 ቡሄ ነው፣ የከተማችን ስም የወጣበት የደብረ ታቦር በዓል፤ ጠላ የማይጠመቅበት ቤት የለም።

ስለዚህ እላለሁ፦ ከሱስ የወጣ ሰው ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት፣ ከፋሲካ እስከ ፋሲካ ይከታተሉት። ከእሱ ጎን ደግሞ ታስሮ የወጣውን ያስቀምጡና እኩል ይከታተሉት። ሁለቱንም በአንድ ወር፣ በአንድ ጥያቄ ይጠይቋቸው። ከዚያ ውጪ ያለው ወሬ ነው።

55ቱ ቀናት ግን ሌላም ነገር ይነግሩናል። መጠጡን በጾም ማቆም የሚችልና የማይችል ሰው አንድ ዓይነት አይደሉም። በጾም ያቆመው ምክርና ቃል ሊበቃው ይችላል። ስቅለት ሳይቀር ተደብቆ የሚጠጣው፣ እያለቀሰ የሚጠጣው፣ እሱ ሐኪም ያስፈልገዋል። እንዲህ ያለ ጥሩ መለያ የትኛውም አገር ያለው አይመስለኝም።

*

የሌላውን አገር ቁጥር እንይ። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ትልቅ ሥራ 154 የአደንዛዥ ዕፅ ችሎት ጥናቶችን አንድ ላይ ሰብስቦ መዘነ። ለአዋቂዎች በተቋቋሙት ችሎቶች ውስጥ ያለፉት ሰዎች ዳግም ወደ ወንጀል የመመለስ መጠን ከ50 ከመቶ ወደ 38 ከመቶ ገደማ ዝቅ ማለቱን አገኘ። ከመቶ ሰው አሥራ ሁለቱ ማለት ነው። ትንሽ የሚመስለው ካለ፣ እነዚያ አሥራ ሁለት ሰዎች የሚኖሩበትን አሥራ ሁለት ቤት ያስብ።

ግን እዚያው ጥናት ላይ ጥንቃቄ ተጽፏል። ከ154ቱ ጠንካራ ንጽጽር ያደረጉት ጥቂት ናቸው። ብዙዎቹ ችሎቶች የሚቀበሉት መርጠው ነው። ተመርጦ የገባ ሰው ባይታከምም ቀና የመሆን ዕድሉ የተሻለ ነው። አቋርጦ የጠፋውን ከሒሳቡ የሚያወጡም አሉ። በልጅነቴ የማውቃቸው መምህር ሰነፎቹን ተማሪዎች ከፈተና በፊት ወደ ቤት ልከው ክፍሉ ሁሉ አለፈ ይሉ ነበር፤ ነገሩ እንደዚያ ነው።

ኦሪገን የምትባለው የአሜሪካ ክፍለ ግዛት በ2020 እ.ኤ.አ. በሕዝብ ድምፅ ጥቂት ዕፅ መያዝን ከእስር አወጣች፤ የተያዘው 100 ዶላር ይቀጣል ወይም ስልክ ደውሎ ይመረመራል። የደወለው ጥቂት ሆነ። ሕክምናው ሳይደራጅ እስሩ ቀድሞ ተነሣ፤ በ2024 እ.ኤ.አ. ምክር ቤቱ ወንጀልነቱን መለሰው። ፖርቱጋል ደግሞ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአሥር ቀን ከሚበቃው ያልበለጠ ዕፅ ይዞ የተገኘን ሰው ከሦስት ሰዎች ጉባኤ ፊት ታቀርበዋለች፤ ሕግ የሚያውቅ፣ ጤና የሚያውቅ፣ የማኅበራዊ ኑሮ ባለሙያ። ተቀምጠው ያናግሩታል፤ ሱሰኛ መሆኑን፣ ምን እንዳጋጠመው፣ መታከም ይፈልግ እንደሆነ ይጠይቁታል።

ሦስት ሰው ተቀምጦ፣ አንዱን አስቀምጦ፣ ምን ነካህ ብሎ መጠየቅ። ለእኛ ይህን ማስረዳት አያሻም። ሽማግሌዎቻችን ሲያደርጉት የኖሩት ነው፤ የጎደለው ከሦስቱ አንዱ ነርስ መሆኑ ብቻ ነው።

*

አንድ ስጋት አለኝ፤ ሳልናገረው አላልፍም። ሕክምና የሚባለው ራሱ እስር ሊሆን ይችላል። በአንዳንድ የምሥራቅና የደቡብ ምሥራቅ እስያ አገሮች ሱሰኞች ያለ ፍርድ እየታፈሱ በግዴታ ማገገሚያ ይዘጋባቸው ነበር፤ በ2012 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች በአንድነት ማዕከላቱ እንዲዘጉ ጠይቀዋል። እዚህም አንዳንድ ቦታ ሰው በሰንሰለት ታስሮ ጠበል ሲጠመቅ አይቻለሁ። በጠበል አምናለሁ፤ ሰንሰለቱ ግን የጠበሉ አካል አይደለም። ከማረሚያ ቤት አውጥተን ወደ ሌላ ሰንሰለት የምንወስደው ከሆነ ለልብስ ሰፊው የተሻለ ነገር አላደረግንለትም።

*

ቁራኛ ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት ታስረው ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ አብረው የሚውሉበት፣ አብረው የሚያድሩበት ሥርዓት ነበር። ዛሬ ቃሉ ብቻ ቀርቷል፤ በቁራኛ ጠብቀው እንላለን።

የአደንዛዥ ዕፅ ችሎቶች የሚሠሩበት ዋናው ምስጢር፣ ብዙ ካነበብኩ በኋላ የገባኝ፣ ከቁራኛው ሰንሰለቱን አውጥቶ አብሮ መሆኑን ማስቀረት ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ዳኛ፣ በየሳምንቱ ወይም በየአሥራ አምስት ቀኑ። ዳኛው ስሙን ያውቃል። ባለፈው ጊዜ ልጅህ ታሞ ነበር፣ እንዴት ሆነ ይለዋል። ቢጠጣ ያውቃል፤ ባይጠጣ ሰው ፊት ያመሰግነዋል።

እኛ አገር ቀጠሮ የሚለው ቃል ያስጨንቃል። ቀጠሮ ማለት መዝገቡ አልመጣም፣ ምስክር አልቀረበም፣ ዳኛው ስብሰባ ላይ ናቸው ማለት ነው። ይኼው ቀጠሮ፣ ይኼው አግዳሚ ወንበር፣ ይኼው የጠዋት ብርድ፣ ሌላ ሥራ ሊሠራ ይችላል። ልብስ ሰፊው በየአሥራ አምስት ቀኑ የሚቀርብበት ቀጠሮ፣ ሁልጊዜ አንድ ዳኛ ፊት። ለዚህ አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ያው ዳኛ እንዲቆይ ነው።

*

አረቄ የምትሸጠዋን ሴት ጠላት አድርጎ ማየት ቀላል ነው። ከአዲስ ዘመን መንገድ አጠገብ ያለችውን እትዬን ሄጄ አነጋገርኳት። ባሏ የሞተው ልጆቹ ትንንሽ ሳሉ ነው። ድፍድፉን ጋን ውስጥ ስታሳየኝ ክዳኑን ከፍታ ጆሮዬን እንዳስጠጋ ነገረችኝ፤ ውስጡ እንደ ዝናብ ይንሿሿል። ልጇ ዩኒቨርሲቲ የገባው በዚህ ነው። ነገ ጠዋት አረቄ ቤቱ ሁሉ ይዘጋ ቢባል የሚራበው ማን እንደሆነ ቆጥሮ የሚናገር ፖሊሲ አላየሁም።

ስለ ጠጪዎቿ የምታውቀውን ግን ሆስፒታሉም ፍርድ ቤቱም አያውቁም። ጠዋት ፊታቸውን ሳይታጠቡ የሚመጡትን ታውቃለች። መለኪያውን በሁለት እጁ የሚያነሣውን ታውቃለች፤ "በአንድ እጁ ካነሣ ይፈሳል" አለችኝ። ባለፈው ዓመት ሁለት እጅ ያስፈልገው የነበረውና ዘንድሮ የማይመጣውን ታውቃለች፤ ሞቶ ይሁን ትቶ ይሁን ለይታ ታውቃለች።

ልብስ ሰፊውን ጠየቅኳት። "ከተለቀቀ ወዲህ አንድ ቀን መጣ" አለች። "አልቀዳሁለትም። ወንድሙ መጥቶ ተንበርክኮ ለምኖኝ ነበር።" ዝም ብላ ቆየችና፣ "ሌላ ቤት ሄዶ ይሆናል እንጃ" አለች።

*

የጽዋ ማኅበር ያለው ሰው ከመጠጥ ራቅ የሚል ገደብ ሲጣልበት ምን ያድርግ? በወር አንድ ቀን ማኅበሩ ይሰበሰባል፣ ባለተራው ጠላ ይጠምቃል፣ አንድ ዋንጫ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ባይቀምስ ማኅበረተኛው ቅር ይለዋል፤ ቢቀምስ ገደቡን ጣሰ። አንድ ማኅበር ውስጥ ግን ለአንድ ሰው ብርዝ ተቀድቶለት፣ ያው ጸሎት ተጸልዮበት፣ እኩል ሲጠጣ አይቻለሁ። ማንም አልተናገረውም። ይኼን የመሰለውን ጥበብ ከየማኅበሩ ለቅሞ ለዳኞች የሚነግር ሰው ቢኖር።

*

በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ የሰሜኑ ጦርነት ንፋስ መውጫ ገባ፤ የደረሰው ግፍ ሁላችንም የምናውቀው ነው። በ2015 ደግሞ የአማራ ክልል ሌላ ጦርነት ውስጥ ገባ። ያን ጊዜ ተኩስ የሰማ፣ ያን ጊዜ ያየውን ያየ ሰው፣ ዛሬ ሌሊት ለመተኛት የሚጠጣ ሞልቷል። እንዲህ ያለውን ሰው ስለሰረቀ ማሰር፣ ከዚያም ሳያናግሩት መልቀቅ፣ ሕሊናዬ የማይቀበለው ነገር ነው።

*

እንዲህ ያለውን ሰው ለማናገር የሚያግዙ፣ በ1984 እ.ኤ.አ. የታተሙ አራት ጥያቄዎች አሉ፤ ኬጅ ይባላሉ። መጠጥ መቀነስ አለብኝ ብለህ አስበህ ታውቃለህ? ሰው ስለ መጠጥህ ሲናገርህ ተናደህ ታውቃለህ? በመጠጥህ ምክንያት ጥፋተኝነት ተሰምቶህ ያውቃል? ጠዋት ራስህን ለማረጋጋት ጠጥተህ ታውቃለህ? ሁለቱን አዎ ያለ ሰው በደንብ ሊመረመር ይገባዋል ይላሉ። ለአራቱ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ባለሙያ አይጠይቁም፤ መርማሪ ፖሊስ ቃል ሲቀበል ሊጠይቃቸው ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያስፋፋው ኤምኤችጋፕ የተባለው መርሐ ግብር ደግሞ የተሠራው የአእምሮ ሐኪም ለሌለበት ቦታ ነው፤ የጤና መኮንንና ነርስ ጤና ጣቢያ ላይ ሆነው ጠጪን እንዲያክሙ። በ2023 እ.ኤ.አ. ድርጅቱ የመጠጥ ፍላጎትን የሚቀንሱ ሁለት መድኃኒቶችን፣ ናልትሬክሶንና አካምፕሮሴትን፣ ከአስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷል። ስማቸው ዝርዝር ላይ መኖሩና ጤና ጣቢያው መደርደሪያ ላይ መኖሩ ሁለት ነገር ነው።

*

ለማረሚያ ቤት ስንቅ የሚያመላልሱ እናቶችን ጠዋት መንገድ ላይ ታገኟቸዋላችሁ። አገልግሉ በነጠላ ታስሯል። አንዳንዷ ከጉና ተራራ ግርጌ ተነሥታ ሌሊት ነው የምትወጣው። ልጅ ሲታሰር እናት ምን ያህል ቀን ከእርሻዋ እንደምትቀር፣ ስንት በግ እንደምትሸጥ፣ የእስርን ዋጋ የሚያሰላ ሰው ይህን ይጨምር። እስካሁን የሚጨምር አላየሁም።

*

የልብስ ሰፊው ነገር እንዲህ ሆነ። ሽማግሌ ገባ፤ ወንድሙ ሁለት በግ ሸጦ ለሦስቱ ሴቶች የጨርቃቸውን ከፈለ፤ ዳኛው ጥፋተኛ ብለው ቅጣቱን ገደቡት። ከመጠጥ እንዲርቅና በየወሩ ሆስፒታል እየቀረበ እንዲታይ ነገሩት። ጾሙን ጨረሰ። እኔ የምፈራው ከዚያ በኋላ ያለውን ነበር።

ከፋሲካ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት ሆስፒታል ሄጄ ጠበቅኩት። ቀጠሮው ሰኞ ነው። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተቀመጥኩ፤ አልመጣም። ነርሷ መዝገቡ ላይ ስሙ ትይዩ "ቀርቷል" ብላ ጻፈች። ምን ታድርግ? መጻፍ ያለባት እንደዚያ ነው። እኔም አዝኜ ወጣሁ፤ ያን ቀን ማታ ያሰብኩትን ሁሉ አሰብኩ።

ማክሰኞ ለሌላ ጉዳይ ስመለስ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ካርዱን በላስቲክ ጠቅልሎ በሁለት ጉልበቱ መሃል ይዟል። እሑድ ሌሊት ጎረቤታቸው ሞተው ሰኞ ቀብር ነበር፤ ከእድር መቅረት አይቻልም፣ መቃብር ቆፋሪው እሱ ነው። እጁ ላይ አፈር አለ። ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ችሎት ፊት እንደቆመበት ቀን ግን አይደለም።

ተራው ሲደርስ መስኮቱ ላይ ጎንበስ አለ። "እህቴ፣ መጣ ብለሽ ጻፊልኝ፤ ዳኛው ያዩታል።"

ነርሷ የሰኞን ገጽ ገለጠችና እስክሪብቶዋን ፈለገች።